በደሴቷ ላይ የነበረው ሰው

የኢሶቤል ሪንቱል ካፖርትና ጫማ ከወደቡ ግንብ ጫፍ፣ ከፋኖሱ ምሰሶ ሥር ተገኘ። ካፖርቱ በሥርዓት ታጥፏል። ጫማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስካርነስ ትንሽ ከተማ ናት፤ ቁርስ ሳይነሳ ወሬው ከዓሣ ማጨሻው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ አዳረሰ። እናቴም የአጃ ገንፎዬን ሳልጨርስ እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ግንቡ ላይ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ በትናንሽ ጀልባዎች ሆነው የወደቡን ውሃ በረጃጅም መንጠቆ ይፈትሻሉ። የኢሶቤል ባል ሚስተር ሪንቱል የወደቡ ሹም ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ነፋሱ ውስጥ ቆሞ፣ ጀልባዎቹን በረጋ ድምፅ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያለ ይመራል። ሴቶቹ አለቀሱለት። እኔም አለቀስኩ፤ ሚስተር ሪንቱልን የማይወድ ልጅ ከተማው ውስጥ አልነበረማ። ኪሱ ከረሜላ አያጣም። እሁድ እሁድ በሰንበት ትምህርት ቤት በቃል የያዝነውን የሚጠይቀን እሱ ነበር፤ ያወቀውን ልጅ ራሱን ይደባብሰዋል። እናቴ ግን አላለቀሰችም። እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ፣ ውሃውን ትታ የሚስተር ሪንቱልን ጀርባ ታያለች። ባሕሩን የፈራች መሰለኝ።

ስለ ኢሶቤል የማውቀው ብዙ አይደለም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በበጋም ሻሽ የማይለያት ሴት ነበረች። ቶሎ ቶሎ ትወድቃለች። አንድ ቀን ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ዳቦ ቤት አየናትና ምን ሆና ነው ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። የቤታቸው ደረጃ ያዳልጣል አለችኝ። አክስቴ ኔታ ደግሞ፣ ቅርጫቷን እያስተካከለች፣ "ቅዳሜ ቅዳሜማ ይብሳል" አለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሳልፍ ደረጃውን ለማየት ቆምኩ። ሁለት እርከን ብቻ ነው፤ ደረቅ ነው፤ አሸዋም ተነስንሶበታል። ቢሆንም ያዳልጣል ስለተባለ ልሞክረው ብዬ በጣም ተጠንቅቄ ወጣሁበት። በክረምቱ ደግሞ ኢሶቤል አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳ ነበር፤ ፖሊሱ ራሱ ከሩቅ ከተማ መልሶ አመጣት። ሚስተር ሪንቱል በር ላይ ወጥቶ የፖሊሱን እጅ እየጨበጠ አመሰገነ። ጠፍታ የተገኘች መስሎኝ ደስ አለኝ።

አክስቴ ኔታ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ አጎቴ ማግነስ ባለፈው መኸር ከነጀልባው ባሕር ላይ ቀርቷል። ሬሳው አልተገኘም። ሲስቅ ትከሻው ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከልጆቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ቤቷን ዘግታ እኛ ዘንድ ገባች፤ አባቴም ለወራት ዓሣ ለማጥመድ ስለሚወጣ ቤቱ የሁለት ሴቶችና የእኔ ሆነ።

ካፖርቱ በተገኘ ማግስት አክስቴ ወደ ደሴቷ መሄድ ጀመረች።

ደሴቷ ከከተማው በስተሰሜን፣ ከአሮጌው የበረዶ ማከማቻ ፊት ለፊት ናት። ላይዋ ላይ ጣሪያው ግማሹ የወደቀ ቤተ ጸሎት አለ። ዛሬ ማስታወቂያ ተተክሎለት ጎብኚዎች ፎቶ ይነሱበታል። ያኔ የባሕር ወፍና በግ ብቻ ነበር የሚገባበት። ውሃው ሲሸሽ አረንጓዴ የባሕር ሣር የወረሰው የድንጋይ መሻገሪያ ብቅ ይላል፤ ሲሞላ ደሴቷ ትቆረጣለች፣ በጀልባ ካልሆነ የሚደርስባት የለም። አክስቴ ውሃው በሸሸ ቁጥር የባሕር ቀንድ አውጣ እሰበስባለሁ እያለች ቅርጫቷን አንጠልጥላ ትሻገራለች። ቅርጫቱ ሲሄድ ይከብዳል፤ ሲመለስ ይቀላል።

ማታ ማታ ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ጆሮዬን አቆም ነበር። ሾርባው ተጠጣ ወይ ትላለች እናቴ። ግማሹ ተጠጥቷል፣ ሳሉ ግን ብሷል ትላለች አክስቴ። እስከ ቅዳሜ መቆየት ይቻላል? ካልተቻለስ የት ይኬዳል? እሱ አይሉ፣ እሷ አይሉ። የዚያን ጊዜ ለምን እንዲህ እንደሚያወሩ አልገባኝም፤ ጆሮዬን ከእኔ በላይ ያውቁት እንደነበር የተረዳሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከዚያ የአጎቴ ማግነስ ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ከሣጥኑ ጠፋ። አክስቴ ያንን ሹራብ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር፤ አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን አውጥታ አፍንጫዋ ላይ ታደርገዋለች። ሣጥኑን ከፍቼ ባዶውን ቦታ ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። መረብ የሚጠግነው ሽማግሌው ታም፣ ባሕሩ አዲስ ሰው ሲወስድ ከድሮዎቹ አንዱን እንደሚመልስ፣ የተመለሰውም ከዘመዱ በቀር ሌላ ሰው ካየው ወዲያው ተመልሶ እንደሚጠራ ለልጆች ማውራት ይወድ ነበር። ባሕሩ ኢሶቤልን ወስዷል። አጎቴ ማግነስን መልሷል። አክስቴ ሾርባ የምታመላልሰው ለእሱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ከርሞ ባይስል ነበር የሚገርመው።

ማረጋገጥ ፈለግኩ። በበረዶ ማከማቻው ግድግዳ ተከልዬ ሆዴ ላይ ተኝቼ ደሴቷን ጠበቅኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከቤተ ጸሎቱ ፍርስራሽ ሰማያዊ ሹራብና የወንድ ቆብ የለበሰ ሰው ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አቀና።  ልጮህ ብዬ የታም ወሬ ትዝ አለኝና እጄን ነከስኩ።

ያየሁት፣ በኋላ እንዳወቅኩት፣ ኢሶቤልን ነበር። ካፖርቱን ያጠፈችው፣ ጫማዎቹን ወደ ባሕሩ ያዞረችው አክስቴ ናት። በመንገዱ ማምለጥ ስላልተቻለ በሞት በኩል ማምለጥ ይቻላል ብላ ያሰበች እሷ ናት። ከሩቅ የሰሜን ደሴቶች የሚመጣው የኢሶቤል ወንድም እስኪደርስ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀራቸው፤ የሚደርሰውም ቅዳሜ ነው። እኔ ግን ግድግዳው ሥር ተኝቼ፣ ለሞተ ሰው ሕይወት ኃላፊነቱ እኔ ላይ የወደቀ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አክስቴ ተሻግራ ሳትመለስ ውሃው መሙላት ጀመረ። እኔ መሻገሪያው አፍ ላይ ዛጎል የምለቅም መስዬ ጠባቂ ሆኛለሁ። ሚስተር ሪንቱል ከወደቡ በኩል በአሸዋው ላይ ቀስ እያለ መጣና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከረሜላ ሰጠኝ።

አክስትሽ ደሴቷ ላይ ምን ትሠራለች አለኝ። ቀንድ አውጣ ትሰበስባለች አልኩት። እኔ ግን ይዛ ስትመለስ አላየሁም አለ። እዚያው ትበላቸዋለች አልኩ። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከደሴቷ አልተነሳም።

"ወፎቹን አየሻቸው፣ ኤልስፔት?" አለኝ። "ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አላረፉም። ሰው ሲኖር ነው እንዲህ የሚዞሩት።"

ወፎቹ ከቤተ ጸሎቱ በላይ እየጮሁ ይሽከረከራሉ። ዛጎል መልቀሜን ቀጠልኩ። ተነስቶ የመጀመሪያውን ድንጋይ ረገጠ፤ ሁለተኛውን ሲረግጥ ውሃው ቡትሱን አለፈ። ቆመ። ለአፍታ ፊቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት የማላውቀው ፊት ሆነ፣ የተዘጋ በር ዓይነት። ከረሜላው አፌ ውስጥ አልሟሟ አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ፊቱን መለሰው፤ ለእናትሽ ማምሻውን ብቅ እላለሁ በያት ብሎኝ ሄደ።

እየሮጥኩ ገብቼ ነገርኳት። እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። ከዚያ ሁልጊዜ ባሕሩን እንዲያይ የምናስቀምጠውን የእንግዳ ወንበር አንስታ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠችው። ለእንግዳ እንዲህ አይደረግም ብዬ አፈርኩላት።

በዚያ ወቅት እኛ ዘንድ ማታ ብሎ ነገር የለም፤ ከእራት በኋላም ብርሃኑ እንደ ቀትር ነው። ሚስተር ሪንቱል መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኔታ የለችም ወይ አለ። ራሷን አሟት ፎቅ ተኝታለች አለች እናቴ። አዝናለሁ፣ ደህና እደሪ ልላት ነበር አለ። እንቅልፍ ወስዷታል አለች።  የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይቆጥራል።

በትከሻው በኩል በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ከመብራት ማማው ጀርባ ጥቁር ጀልባ ወጥቶ ወደ ደሴቷ እየቀረበ ነው። ሞተሩን አጥፍተው በመቅዘፊያ ነው የሚመጡት። እናቴም አይታለች፤ ዓይኗን ወዲያው ወደ ሹራብ ሥራዋ መለሰች፣ መርፌዎቿ ግን መንቀሳቀስ አቆሙ። ሚስተር ሪንቱል እኔን ያያል። ዓይኔ የት እንዳለ ያያል። አንገቱን ማዞር ብቻ ነው የሚቀረው።

"ሚስተር ሪንቱል፣" አልኩ፣ "ለነገ በቃሌ የያዝኩትን ያዳምጡኛል?"

ሌላ ጊዜ አለ። እናቴ ግን ቀና ሳትል ሳምንቱን ሙሉ ለእርስዎ ስትል ነው ያጠናችው አለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እንዲህ ተብሎ እምቢ ማለት አልሆነለትም። በይ አለ፣ እጆቹን አጣምሮ።

ያንን ክፍል ተኝቼም እወጣዋለሁ። ግን ሦስተኛው ቃል ላይ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። አርሞኝ ከመጀመሪያው ድገሚ አለኝ። ደገምኩ። አሁን ሌላ ቦታ ተሳሳትኩ። ዓይኔን ፊቱ ላይ ተክዬ፣ ከትከሻው በላይ ያለውን በዓይኔ ጥግ አየሁ፤ ጀልባው ከድንጋዮቹ ሥር ቆመ፤ ሰማያዊው ሹራብ ከፍርስራሹ ወጣ፤ አክስቴ ክንዱን ደግፋ ወደ ውሃው ይዛው ወረደች።

"ምን ነካሽ ዛሬ?" አለ ሚስተር ሪንቱል። "አንቺ እኮ ከሁሉ የተሻልሽ ነሽ።"

"ፈርቼ ነው።"

"ማንን?"

"እርስዎን" አልኩት።

እናቴ መርፌ ጣለች። እሱ ግን ደስ ያለው መሰለኝ፤ ለስለስ ባለ ድምፅ ድገሚ አለኝ። ደገምኩ። ሁለት ክንዶች ከጀልባው ተዘርግተው ሰማያዊውን ሹራብ ወደ ላይ አነሱት። አክስቴ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ቀረች። ጀልባው ዞረ፣ ከደሴቷ ጀርባ ገባ፣ ከዚያም አልታየም። አጎቴ ማግነስ ወደ ቤታችን ሳያይ ሄደ ብዬ ሆዴ ባባ፤ እንባዬ እየመጣ፣ የቀረኝን ክፍል ያለ አንዳች ስህተት እስከ መጨረሻው ወጣሁት።

"አየሽ?" አለ ሚስተር ሪንቱል። "ረጋ ስትዪ ታውቂዋለሽ።"

ከዚያ ተነስቶ በሩን ትቶ ወደ ደረጃው ሄደ። ኔታ ብሎ ተጣራ። ፎቁ ዝም አለ። እናቴ ፈጠን ብላ ደረጃው ሥር ቆመች፣ እጇን መደገፊያው ላይ አደረገች። እናቴ አጭር ሴት ነበረች። እህቴ የሌሊት ልብስ ለብሳ ነው የተኛችው፣ ወንድ አይወጣባትም አለችው። ተያዩ። እሱ ባርኔጣውን አደረገና ሳይሰናበት ወጣ። በመስኮቱ ስናየው ወደ ወደቡ እየተራመደ ነው። የወደቡን ጀልባ ፈትቶ ገባበት፤ መቅዘፍ ጀመረ፤ ወደ ደሴቷ።

እናቴ መጋረጃውን ጨብጣ ቆመች። አጎቴ እኮ ሄዷል፣ ምን ያስፈራታል ብዬ ገረመኝ። ደሴቷ ላይ የቀረችው እህቷ፣ ሚስቱን ካስመለጠችበት ሰው ጋር ብቻዋን ልትገናኝ እንደሆነ፣ ማንም ቢጮህ ከዚያ ድምፁ እንደማይሰማ፣ እኔ አላሰብኩም። እናቴ ከንፈሯን ስትነክስ ደም ወጥቶ አየሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ጀልባው ተመለሰ። ሁለት ሰው አለበት። አክስቴ ጫፉ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሚስተር ሪንቱል በወደቡ ደረጃ እጇን ይዞ አወጣት፣ ባርኔጣውንም አነሳላት። ግንቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አየ።

ስትገባ እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም። ሙቅ ውሃ በገበቴ አድርጋ እግሯ ሥር አስቀመጠችላትና ጓዳ ገባች። የአክስቴ እግር ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ቀረብኩና በሹክሹክታ ስለ እኔ ጠየቀ ወይ አልኳት።

"ማን?"

"አጎቴ ማግነስ። አየሁት እኮ። ወደ ጀልባው ሲገባ አየሁት።"

ጓዳ ውስጥ የዕቃው ድምፅ ተቋረጠ። አክስቴ አየችኝ። ከዚያ ሚስተር ሪንቱል አሁን አጅቦ ያደረሰበትን በር አየች። ከዚያ እንደገና እኔን። ፊቷ ላይ የሆነውን ያኔ ድካም ብዬ ነበር የተረዳሁት።

"ጠየቀ" አለች በመጨረሻ።

"ምን አለ?"

"አድጋለች ወይ አለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"አድጋለች፣ ምስጢርም ትጠብቃለች አልኩት።" እጇን አገጬ ላይ አደረገች። እጇ ከእግሯ ይበልጥ ይቀዘቅዝ ነበር። "ትጠብቂያለሽ አይደል?"

ጠበቅኩ። ኢሶቤልን ባሕር ወሰዳት ተባለ፤ ያለ ሬሳ ጸሎት ተደረገላት። አክስቴ ደግሞ በሐዘን ብዛት ትንሽ ነካ አድርጓታል ተባለች። ሴቶቹ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልጆች ከኋላዋ ማግነስ መጣልሽ እያሉ ይሮጣሉ። ከእነሱ ጋር እደባደብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን እጠይቃታለሁ። ዛሬ ይበርደው ይሆን? ሳሉ ተሻለው? ከሌላ አገር ሆኖ ያስበን ይሆን? እሷም እየፈተለች ወይም ድንች እየላጠች ትመልስልኛለች፤ ብርድ አይወድም፣ ግን ይችለዋል፤ ያስበናል።

ሚስተር ሪንቱል የሞተው እኔ ትምህርት ልጨርስ ስል ነው። ከተማው በሙሉ አስከሬኑን ተከተለ። ግንቡ ላይ ስሙ የተጻፈበት መቀመጫ እስከ ዛሬ አለ፤ ጎብኚዎች ይቀመጡበታል፤ እኔ ቆሜ ባሕሩን ማየት እመርጣለሁ። አክስቴ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ሻይ ቀዳችልኝና ተቀመጪ አለችኝ። ኢሶቤል በሕይወት እንዳለች፣ በሰሜን ደሴቶች በሌላ ስም ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ እንደምትሠራ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። ያንን ምሽት ደሴቷ ላይ የሆነውንም ነገረችኝ። ሚስተር ሪንቱል ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ገብቶ ጥግ ጥጉን ፈተሸ። ብርድ ልብሱን አገኘ። ሁለት ኩባያዎች አገኘ። ከማን ጋር ነበርሽ አላት።

"ከማግነስ ጋር አልኩት" አለች አክስቴ። "አንዱ ኩባያ የሱ ነው፤ ሰው ሳያየኝ ከሱ ጋር ሻይ ልጠጣ ነው የምመጣው አልኩት። ሳለቅስ ቆሞ አየኝ። ለቅሶውን ማስመሰል አላስፈለገኝም። ከዚያ እንደ በሽተኛ ክንዴን ይዞ ጀልባው ውስጥ አስገባኝ።"

ሻዬ ቀዘቀዘ። ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም አልኳት፤ ምስጢር መጠበቅ እንደምችል ታውቂ አልነበር?

መጀመሪያ ፈርቼ ነው አለች። ልጅ ነሽ፣ እሱ ደግሞ በየእሁዱ ፊትሽ ይቀመጣል፤ የማታውቂውን ከአፍሽ ሊያወጣ አይችልም ብዬ ነው። ከዚያ ኩባያዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"በኋላ ግን ፍርሃት አልነበረም። ሰው ሁሉ ስሙን መጥራት ተወ፣ ኤልስፔት። የማዝን መስሏቸው ነው። ይበርደው ይሆን ብለሽ የምትጠይቂኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ እነሳለሁ፣ አንቺ ትጠይቂኛለሽ፣ መልሼ እቀመጣለሁ።"

ደወሉ ቆመ። ከኮረብታው ሰው መውረድ ጀምሮ ነበር።

"አንቺስ" አለችኝ፣ "በሕይወት አለ ብለሽ ማመን የተውሽው መቼ ነው?"

ትልቅ ልጅ ነበርኩ። አስቤ ልመልስላት ሞከርኩ፤ ከዚህ በፊት የነበረ አንድ ቀን ፈለግኩ፣ አጣሁ።

"አሁን" አልኳት።